የሕዝብ ስፖርት ክለብ ታሪክና የእኛ የሸሕዲ ጉዳይ

(በክረምት ዕረፍት ወደ ሸሕዲ በተመለስን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስም ለከተማው ሕዝብ የተደረገ ንግግር)



ሰሊጡ አራሚ በሚጠብቅበት በዚህ በሐምሌ ወር ከእርሻችሁና ከሱቃችሁ ተነሥታችሁ የእኛን የልጆቻችሁን ነገር ለመስማት ስለ መጣችሁ በቅድሚያ ከልብ እናመሰግናለን። የላካችሁን ለትምህርት ነውና በየክረምቱ ስንመለስ «ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁን መብታችሁ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ሕክምና ወይም ስለ እርሻ ሳይሆን ስለ ኳስ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የጠራችሁን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ጥቂት ታገሡን። በነገሩ ውስጥ ሌላ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም የአንድ ከተማ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ተሰብስበው አንድ ነገር ለማቆምና ያቆሙትን ለልጅ ልጅ ለማስተላለፍ ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ነው።

የከተማችንን የኳስ ሜዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በበጋ አቧራ ነው፤ በክረምት ረግረግ ነው። ከዓመት ዓመት ቤት እየተጠጋው ሄዷል፤ ለመጋዘን ይፈለጋል የሚል ወሬም በየሻይ ቤቱ እንሰማለን። አምና የከተማው ልጆች ቡድን አቋቁመው ነበር። አንድ ነጋዴ ማልያና ኳስ ገዙላቸው፤ ቡድኑም በእሳቸው ስም ተጠራ። ነጋዴው ንግዳቸውን ወደ ሌላ አገር ባዛወሩ ጊዜ ማልያው በየቤቱ ቀረ፤ ኳሱ ፈነዳ፤ ቡድኑም ተበተነ። ሰውዬው አላጠፉም። ከኪሳቸው ሰጡ እንጂ ከማንም አልወሰዱም። ነገር ግን ቡድኑ የእሳቸው ነበርና ከእሳቸው ጋር ሄደ። ነጋዴው ባይሄዱም እንኳ መስከረም ሲጠባ ከአሥራ አንዱ ተጫዋች የሚበዙት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ በረሃ ይወርዳሉ፤ የቀሩት ደግሞ በሩ ላይ ሚዛን ይጠብቃሉ። ስለዚህ በከተማችን በየዓመቱ አንድ ቡድን ይወለዳል፤ በየዓመቱም አንድ ቡድን ይሞታል።

እኛ ይህን ነገር ስንነጋገር የደረስንበት ቡድንና ክለብ አንድ አለመሆናቸው ላይ ነው። ቡድን ለመጫወት አሥራ አንድ ልጆችና አንድ ኳስ ይበቁታል። አባቶቻችን ገና ሲጫወቱ ቡድን ነበራቸው። የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር፣ ያገባና ያላገባ ተከፋፍሎ በልደት ዕለት ጥንጉን ሲያባርር ይውላል፤ ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናል፤ ማታ ላይ የአሸናፊው ወገን እየጨፈረ ተሸናፊውን ይሰድባል። የሚያምር ጨዋታ ነው። በማግሥቱ ግን መዝገብ የለም፤ ገንዘብ ያዥ የለም፤ የሚቀር ነገር የለም። ክለብ ግን ተጫዋቹ ቢሄድም፣ ቢያረጅም፣ ቢሞትም የሚቀር ማኅበር ነው። አባቶች ይህን ለማስረዳት እኛ አያስፈልጉም፤ ዕድርን የሚያውቅ ሰው ክለብ ምን እንደሆነ ያውቃል። የዕድር ድንኳን የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ጸሐፊው ቢለወጥ መዝገቡ አይለወጥም።

አሁን የአንድ ክለብ ታሪክ እንናገር። ዓመቱን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር እንጠራለን።

በአዲስ አበባ እግር ኳስን በክለብ ደረጃ አስቀድመው የተጫወቱት በከተማው የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣልያኖችና ሕንዶች በየማኅበራቸው ቡድን ነበራቸው። ኢትዮጵያውያን ልጆች ከሜዳው ዳር ቆመው ያዩ ነበር፤ በትምህርት ቤትም የጨርቅ ኳስ ይራገጡ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉት ወጣቶች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አንድ የእግር ኳስ ክለብ አቋቋሙ። ስሙንም በሠፈራቸው ካለው ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ዛሬ «ሳንጆርጅ» እያልን የምንጠራው እሱ ነው።

ጊዜውን ልብ በሉ። የጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ ከተሻገረ ሦስተኛ ወሩ ነው። በሰሜን ሰው እያለቀ ነው። በዚህ ጊዜ ክለብ ማቋቋም ለአንዳንድ ሰው ቀልድ ሳይመስለው አልቀረም። ከአምስት ወር በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ክለቡ ገና የአምስት ወር ሕፃን ነበር።

ፋሺስቶች ኳስን አልከለከሉም፤ ነገር ግን እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በቀለም ከፋፈሉት። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ጋር ብቻ እንዲጫወት ሆነ። የአገሬው ተወላጅ ቡድኖች ስም ተለወጠ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሺስቶች ምልክት ከሆነው ከእንጨትና ከመጥረቢያው ነዶ የመጣ ስም ነው። እንግዲህ የአራዳ ልጆች የጠላታቸውን ምልክት በስማቸው ተሸክመው አምስት ዓመት ተጫወቱ ማለት ነው። ስማቸው ሲለወጥ ሰዎቹ አልተለወጡም፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የቀድሞ ስማቸውን መልሰው ያዙ። ከተማው ማን እንደነበሩ አልረሳም ነበርና ማንም አልተደናገረም።

በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተደረገ። አምስት ቡድኖች ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ ብቻ የኢትዮጵያውያን ነበር፤ እሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የቀሩት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና በአገሩ የነበረው የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ያሸነፉትም የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት አላገኘም። እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ ዋንጫውን የጦር ሠራዊቱ ቡድን፣ የሐማሴን፣ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካና ሌሎችም ሲቀባበሉት ኖሩ። ወታደሩ ቡድን ልብሱንም እህሉንም ከሠራዊቱ ያገኛል፤ የፋብሪካው ቡድን ደመወዙን ከፋብሪካው ያገኛል።

እኛን ከዋንጫዎቹ ሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ይህ ዐሥራ ስድስት ዓመት ነው። የእኛ ቡድን ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ ሦስተኛውን አይሰለፍም። እነዚያ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳያሸንፉ ልጆች ተክተው፣ አዲስ ተጫዋች አሠልጥነው፣ ደጋፊያቸው ሜዳውን ሳይለቅ ቆዩ። በ1958፣ በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች በሜዳው ላይ አንድም አልነበረም። ክለብ ማለት ይህ ነው እንላለን።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ፤ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የታወቁት ባለ ቅኔና ዘፋኝ ናቸው፤ ቤቱ ከጥንትም የጨዋታ ቤት ነው ማለት ነው። ይድነቃቸው ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገብተው ከሃያ ዓመት በላይ ለአንድ ክለብ ብቻ ተጫወቱ። እኛ ግን ከግቦቻቸው ይልቅ የምንወድላቸው ሌላ ሥራቸውን ነው። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሜዳው ውስጥ ያለው ሁሉ ለምን እንደተነፋ በገዛ ቋንቋው እንዲያውቅ አደረጉ። ቀጥሎም የአገሪቱን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ነበረች። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ይድነቃቸው ነበሩ።

ያ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው፣ የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ የተደረገው የት ይመስላችኋል? በካርቱም ነው፤ ከእኛ ድንበሩን ተሻግሮ ባለው አገር። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ሦስት አገሮች ብቻ ቀሩ። ኢትዮጵያ ከእሷ ጋር ልትጫወት የነበረውን ጨዋታ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም ግብፅ አራት ለዜሮ አሸነፈችን። ከአምስት ዓመት በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በዚያችው ግብፅ ላይ በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት ተፈረደባት፤ ዋንጫው የኛ ሆነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ፤ አምበሉ የአሥመራው ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አላገኘችም። ይህን ለሐዘን አናነሣውም። ያ ዋንጫ የመጣው በየሠፈሩና በየከተማው ከቆሙ ክለቦች መሆኑን ለማሳየት ነው የምናነሣው።

በደርግ ዘመን ስለሆነው በአጭሩ እንለፍ። ክለቦች በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ተደለደሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን እንደገና አጥቶ በቢራ ፋብሪካው ስም ተጫወተ። በ1977፣ በ1978ና በ1979 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው «ቢራ» እሱው ነው። ደጋፊው ግን በአፉ «ቢራ» እያለ በልቡ «ጊዮርጊስ» ይል ነበር ይባላል፤ በ1983 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን የጥንት ስሙን ይዞ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስሙ ተወስዶ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ስለ አራራትና ስለ ኦሎምፒያኮስ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ቀላል ክለቦች አልነበሩም። አርመኖች በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች፣ እነዚያን «አርባ ልጆች» የተባሉትን ሙዚቀኞች ጨምሮ፣ ለአዲስ አበባ ብዙ የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ግሪኮችም እንዲሁ። ክለቦቻቸው ሥርዓት ነበራቸው፤ መዝገብ ነበራቸው፤ ገንዘብ ነበራቸው። ነገር ግን ክለቦቹ የተመሠረቱት አባላቱ በመጡበት አገር ላይ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ንብረታቸው ተወርሶ የሚበዙት ወደ ውጭ ሲሄዱ ቡድኖቹን የሚረከብ አልተገኘም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የቆመው ሰዎቹ በመጡበት ሳይሆን በሚኖሩበት ላይ ነበርና ሰው ቢሄድ ሰው ተካው።

ይህ ለእኛ ለሸሕዲዎች የሩቅ ታሪክ አይደለም። ይቺ ከተማ የመጤ ከተማ ናት። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ለአጨዳ መጥቶ የቀረ ሰው፣ በሠፈራ የመጣ ሰው፣ ከሁላችን በፊት ቆላውን የሚያውቅ የጉሙዝ ሰው፣ ከሱዳንም ጋር የተጋባ ሰው እዚህ ይኖራል። ባለፈው ዓመት በሜዳችን «የእነ እገሌ አገር ልጆች» እየተባለ ቡድን ሲመደብ አይተናል። በ2010ና በ2011 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ የሆነውን እናስታውሳለን፤ ከወዲያና ከወዲህ ያሉ ክለቦች በብሔር ጠብ የተነሣ በሜዳቸው ለመጫወት እስከማይችሉ ደርሰው ጨዋታው ወደ ሌላ ከተማ ይዛወር ነበር። በትውልድ አገር የሚቆም ክለብ በሸሕዲ ቢተከል ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል ብለን አናምንም፤ ቢቆይም ለጠብ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም ሩቅ ወደሆነ አገር እንወስዳችኋለን፤ ነገሩ ግን ከሰሊጥ እርሻችን የራቀ አይደለም።

ራግቢ የሚባል ጨዋታ አለ። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ በእጅ ተይዞ ይሮጣል፤ ተሸካሚውን ይዞ መጣል ይፈቀዳል። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ቢያየው «ዱላ የቀረበት ገና» ይለዋል። ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ካለ የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ነው። በ1863 ዓ.ም. በሎንዶን የራግቢ ማኅበር ሲቋቋም አባላቱ የሚበዙት ከእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የወጡ፣ ለእንጀራቸው የማያስቡ ሰዎች ነበሩ። ጨዋታው ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ወደ ከሰል ማውጫና ወደ ጥጥ መፍተያ ከተሞች ወረደ። ዊጋን፣ ኦልድሃም፣ ሊድስ፣ ሐደርስፊልድ የመሳሰሉት ከተሞች ክለብ አቋቋሙ። የተጫወቱት ከሰል ቆፋሪዎችና ሸማኔዎች ናቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ሠራተኛ ቅዳሜም ይሠራል። ለጨዋታ ከሥራ ሲቀር የዕለት ደመወዙን ያጣል፤ ሩቅ ከተማ ሲጫወት ደግሞ ሙሉ ቀን። ክለቦቹ «የቀረበትን ደመወዝ እንተካለት፤ በቀን ስድስት ሽልንግ ይበቃል» ብለው ለማኅበሩ አቤት አሉ። ለመጫወቱ እንከፈለው አላሉም፤ እንዳይጎዳ ብቻ ነው ያሉት። የሎንዶኖቹ ጌቶች ግን ኳስን በገንዘብ ማየት ነውር ነው ብለው እንቢ አሉ። በ1886 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ድምፅ 282 ሰው ተቃወመ፤ 136 ሰው ደገፈ። እነዚያ ደመወዝ ቀርቶባቸው የማያውቁ ሰዎች ድምፁን በዙ።

በነሐሴ 1887 ዓ.ም.፣ ከዐድዋ ድል ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ሃያ ያህል የሰሜን ክለቦች በሐደርስፊልድ ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ከማኅበሩ ተለዩ። የራሳቸውን ኅብረት አቋቁመው ለቀረ ደመወዝ መተካት ጀመሩ። ኋላም ጨዋታው እንዲፈጥን ተጫዋቹን ከዐሥራ አምስት ወደ ዐሥራ ሦስት አወረዱት። ከእነዚያ ክለቦች ዊጋንና ሊድስ ዛሬም አሉ። የሎንዶኑ ወገን ለተጫዋች መክፈልን የፈቀደው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ ልክ መቶ ዓመት ቆጥሮ። ሀብታም ሲግደረደር ብዙ ጊዜ ይወስድበታል።

ሁሉም ክለብ ቀንቶታል ብለን አናታልላችሁም። በአዲሱ ኅብረት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው በብራድፎርድ ከተማ ያለው ማኒንግሃም የተባለ ክለብ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ገንዘብ አጠረው። አባላቱም ተሰብስበው ተከራከሩና በ1895 ዓ.ም. ራግቢን ትተው እግር ኳስ ለመጫወት ወሰኑ። ብራድፎርድ ሲቲ የሚባለው የእግር ኳስ ክለብ ይኸው ነው፤ ዛሬም አለ። ጨዋታውን ሳይቀር ለወጡ፤ ማኅበራቸውን ግን አላፈረሱም። ሥልጣኑ በአባላቱ እጅ ስለነበረ ተሰብስቦ መወሰን ተቻለ። የእኛው ነጋዴ በሄዱ ጊዜ ማን ከማን ጋር ተሰብስቦ ይወስን ነበር?

የሰሜን እንግሊዝን ከሰል ቆፋሪ ያነሣነው የእኛን አጫጅ እንዲያስታውሳችሁ ነው። ሰሊጥ እንደሌላ እህል አይታገሥም፤ ከበሰለ በኋላ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ዛላው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ማንም ልጅ «ዛሬ ጨዋታ አለብኝ» ቢል አባቱ ቢቆጣ እውነቱን ነው፤ አሠሪውም የቀኑን ሒሳብ ቢቆርጥበት ልማዱ ነው። «ኳስ ሥራ ያስፈታል» የሚሉ አባቶችን አንቃወምም። ውድድሩን ከአዲስ አበባ የቀን መቁጠሪያ ቀድተን በአጨዳ ወራት ካደረግነው በእርግጥ ያስፈታል። ሰሊጡ ከተወቃና ከተሸጠ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ሙቀቱም ሳይከፋ ብናደርገው ግን ማንም የዕለት እንጀራውን አያጣም። በዚያን ጊዜ በከተማው ገንዘብም አለ፤ ሥራ ፈት ወጣትም አለ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማታ ማታ የት እንደሚገናኙ ለእናቶች አንነግራቸውም።

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። በሸሕዲ የሱዳንን ኳስ በራዲዮ ሳይሰማ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው፤ ግማሻችን ሂላል፣ ግማሻችን መሪኽ ነን። የኦምዱርማኑ ሂላል በ1922 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ከመሥራቾቹም በካርቱም የጎርዶን ኮሌጅ የተማሩ ወጣቶች ይገኙባቸዋል። እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ይህን ስናነብ ትንሽ ማፈራችንን አንደብቅም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ኦምዱርማን የጦር ሜዳ ሆነ። በመተማ ዮሐንስ በኩል ሻንጣና ልጅ ይዘው የገቡትን ሰዎች በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ውኃም እንጀራም የሰጣችኋቸው እናንተ ናችሁ። ሂላልና መሪኽ ሜዳቸውንም፣ ሊጋቸውንም አጡ። አልፈረሱም። በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከአገራቸው በረሃ ተሻግሮ ባለው በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። ሜዳ የሌለው ክለብ መኖር ይችላል። ክለብ የሌለው ሜዳ ግን፣ የእኛው እንደምታዩት ነው፤ መጋዘን ይሆናል።

ከጎንደርም አንድ ቃል እንጨምር። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን ይህች ከተማ እስከ ሌሊት አልተኛችም። ሊጉን በ2009 ዓ.ም. ተቀላቅሎ በአምስተኛው ዓመት ነው ዋንጫውን የወሰደው። ደስታው ደስታችን ነበር። ነገር ግን «ከነማ» የሚለውን ቃል ስንቶቻችን አስበንበታል? ፊደሎቹ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው የተወሰዱ ናቸው። ስሙ ነዋሪው የክለቡ ባለቤት ነው ይላል። በአገራችን ከነማ የሚባሉት ክለቦች የሚበዙት ግን ከመንግሥት በሚመደብ በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ሹም ሲለወጥ የክለቡ ሰብሳቢ ይለወጣል። የነዋሪው ድርሻ ማጨብጨብ ብቻ ሆኗል። እኛ ከማዘጋጃ ቤቱ የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሜዳው ሜዳ ሆኖ እንዲመዘገብና ካርታ እንዲወጣለት። ሌላውን ራሳችን እንችላለን።

እንግዲህ ያሰብነውን እናቅርብላችሁ፤ የተሳሳተ ካለ አርሙን።

ክለቡ በአባላት መዋጮ ይቁም። መዋጮውም ማንም ድኻ የማይከለከልበት ይሁን፤ በወር የሁለት ስኒ ቡና ዋጋ ይበቃል። ሀብታም ብዙ ልስጥ ቢል ይስጥ፤ ይመረቅም፤ ድምፁ ግን እንደ ሌላው አንድ ነው፤ ስሙም በማልያ ላይ አይጻፍም። የክለቡ ስም የከተማው ስም ይሁን። የዕድር ዳኞችን የምንለምነው ሒሳቡን እንዲመረምሩልን ነው፤ በዚህ ከተማ የዕድር ገንዘብ ጎደለ ሲባል እምብዛም አልሰማንምና። በመመሥረቻው ደንብም ማንም በትውልድ አገሩ፣ በቋንቋው ወይም በሃይማኖቱ እንዳይከለከልና በእነዚህ ስም ቡድን እንዳይሰየም ይጻፍ። ከድንበር ወዲያ የመጡ ልጆች በየጥላው ሥር ሲጫወቱ አይተናል፤ እግራቸው ከእኛ ልጆች ይበልጥ የሠለጠነ አለ፤ እነሱም ይግቡ።

ስለ ሴቶች ልጆች ጉዳይ በመካከላችን ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ለጊዜው ይቆይ፤ ወላጆች ይቆጣሉ» ብለን ነበር። እኅቶቻችን የመለሱት መልስ አጭር ነው፤ «መዋጮው ከሁላችን ከሆነ ሜዳውም ለሁላችን ይሁን» አሉ። ከዚያ በኋላ ተቃዋሚ አልተገኘም፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ማታ ሜዳው የሴት ልጆች ይሆናል የሚል ሐሳብ በደንቡ ረቂቅ ገብቷል። ወላጆች ብትቆጡም እዚህ ስትቆጡ ይሻላል።

በአጨዳ ወራት ለሚወርዱት አባላት ደግሞ መዋጮ እንዳይጠየቅ፣ ተመልሰው ሲመጡም ቦታቸው እንዲጠበቅላቸው ጽፈናል። በጨዋታ ተጎድቶ ከሥራ የሚቀር ልጅ ቢኖር ለተወሰነ ቀን የዕለት ሒሳቡን ክለቡ ይተካለት የሚል አንቀጽም አለ። ይህን ከሰሜን እንግሊዝ የተማርነው ነው፤ መጠኑን ግን እኛ አልወሰንም፤ ቀን የሚውለው ሰው ራሱ ይንገረን።

አሁን የቀረው የእናንተ ነው። እኛ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ ትምህርታችን እንመለሳለንና ክለቡን እኛ ልንመራው አንችልም፤ እንምራው ብንልም የነጋዴው ነገር ይደገማል። ስለዚህ ዛሬ ከመካከላችሁ ሰባት ሰዎች እንድትመርጡ እንለምናለን፤ ከሰባቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ደንቡን በእጅ ጽፈን አባዝተነዋል፤ ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች ከምርጫው በፊት በድምፅ ይነበባል። የአባላት መመዝገቢያ ደብተሩ እዚያ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። እስክሪብቶው አንድ ብቻ ስለሆነ እባካችሁ በወረፋ።